ሞዴል አሥራ ዘጠኝ

ሰኔ ሠላሳ ነበር። ልጆች በከዚራ ካርድ ይዘው ሲሮጡ፣
ያለፉት እየጮኹ፣ የወደቁት ደግሞ በጓሮ ሲመጡ፣
ለእኛም ካርድ ደረሰን፤ ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ ወረቀት፦
«ጉዳዩ፦ የኪነት ቡድኑን ስለማጠፍ። ምክንያቱም የበጀት እጥረት።»
ከግርጌው ግልባጭ አለ፦ ለፋይናንስ፣ ለሰው ኃይል፣ ለንብረት ክፍል።
ንብረት ክፍል እኔ ነኝ፤
ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ክራርና ከበሮ በፊርማ የማድል።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ያልኩት «ደግ አደረጉ» ነበር።
ሳቢያን፣ እኛ ሰፈር፣ ውሃ ከጠፋ እንኳ አሥራ ሁለት ቀኑ፤
ቢጫ ጀሪካን ነው ደጅ ላይ ተሰልፎ ተራ ይዞ የሚያድር።
እህቴ የወለደችበት ጤና ጣቢያ «ጓንት ገዝታችሁ ኑ» ይላል።
ቧንቧና ትራምፔት ሁለቱም ብረት ናቸው፣ ሁለቱም አፍ አላቸው፤
አንዱ ግን ጥም ይቆርጣል።
ምረጪ ብትሉኝ ቧንቧውን መረጥኩኝ፤
ሙሜ ይቀየመኛል፤ ግን ሙሜም ይጠማል።

ቆይ ግን። ቁልፍ የያዘ ሰው ብዙ ነገር ያያል።
የተቆረጠው ብር ቧንቧው ጋ አልሄደም፤
ቢሯችን መግቢያ ላይ ቅስት ሆኖ ቆሟል፣
አምፖል ተደርድሮበት በጠራራ ፀሐይ፣ በቀትር ይበራል፣
«እንኳን ደህና መጡ ወደ ጥበብ ከተማ» የሚል ጽሑፍ ይዟል።
ቀለሙን ያወጣሁ በሞዴል ሃያ ሁለት እኔው ነኝ፣ ፈርሜ፤
ጣቴን ልቀስር ስል ከጥፍሬ ሥር አየሁት፤
ዝም አልኩኝ ቆሜ።

መቀስ የያዘ ደግሞ መንግሥት ብቻ አይደለም።
ዱሮ መጋላ ውስጥ አንድ ቤት ቴፕ ሲከፈት
መንገዱ በሙሉ ሳይወድ ያዳምጥ ነበር፤ ጆሮ በር የለውም።
በኦሮምኛ የጀመረን ዜማ ፉል ሻጩ በሶማልኛ ይጨርሰዋል፤
ጎረቤት በከፈተው፣ ባልመረጠችው ዘፈን
የምታለቅስ ሴት ነበረች፤ ማንም ለምን አይላት፣ እንባዋ ያልፋል።

ዛሬ ልጄ ዱሬቲ ጎኔ ተቀምጣ፣ በአንድ ምንጣፍ ሆነን፣
ነጭ ፍሬ ሰክታ የት አገር እንዳለች እኔ እንጃ።
አውራ ጣቷ ዳኛ ነው፤ አሥር ሴኮንድ ይሰጣል፣
ካልጣማት ይቆርጣል፤
መግቢያው ሳይገባደድ ዘፋኝ ያሰናብታል።
ያለ ደብዳቤ፣ ያለ ማኅተም፣ ያለ ግልባጭ፣
ከምሳ እስከ እራት ስንቱን ባንድ በተነች!
ብቆጣት ቀና አለች፦
«እማ፣ የናንተ ባንድ እኮ ስምንት ዘፈን ብቻ ነው ያለው።»
ቆጠርኩ።
ስምንት ነው።

ባለፈው መድረክም፣ ሙሜ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጉንጩንም ወጥሮ ነፍቶ፣
ወንበሩ ባዶ ሆኖ፣ ጥበቃው አንቀላፍቶ፣
እኔም በር ላይ ቆሜ ስልክ እዳስስ ነበር፣ አንገቴ ተደፍቶ።
የደብዳቤውን የመጀመሪያ መስመር
ፋይናንስ ሳይሆን እኛ ጽፈነው ነበር።

ከሰዓት ሙሜ መጣ። በሽርጥ ጠቅልሎ፣ ሕፃን እንዳቀፈ፣
ከባጃጅ ወረደ።
«ደቻቱ ድልድይ ጋ ትንሽ ነፍቼበት ነው የመጣሁ» አለና
ፊቱን ሊታጠብ ሄደ፤
ውሃ እንደሌለ ረስቶ።

ፎርሙን ሞላሁት። የዕቃው ዓይነት፦ ሳክስፎን። ብዛት፦ አንድ። ሁኔታ፦ ያገለገለ።
ልሰቅለው ስገለብጠው ከአንገቱ ሁለት ጠብታ
ሲሚንቶው ላይ ጠብ አለ።
ምራቅ ነው። ትንፋሽ ነው። ለሱ የሚሆን ረድፍ ሞዴሉ ላይ የለም።
እስክሪብቶ ይዤ ቆየሁ፤
ከዚያ «ምርመራ» በሚለው ሥር ጻፍኩ፦ «ስረከብ እርጥብ ነበር።»
ቆለፍኩ። ቁልፉ ግን እንደ ሌላው ቀን አልቀለለኝም።

ማታ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩት።
ውሃ የለም፤ አየር ብቻ፣
ረጅም፣ ሻካራ፣ ከሆዱ የወጣ፣ ግድግዳ እየነካ።
«ምንድን ነው?» አለችኝ ዱሬቲ፣
አንዱን ፍሬ ነቅላ።